ዓሣ ነባሪ አይደለንም! ከውሃ ስር ትንፋሽ የመያዝ ውድድር ይቅር

ዛሬ ጨዋታ ስለሚመስል አንድ ነገር የግሌን ሐሳብ ላካፍላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፤ በተለይ ልጅ ያላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ባለፈው እሁድ የእህቴን ልጆች ይዤ ዋና ሄጄ ነበር። ሁለቱ ወንዶች "ከውሃ ስር ማን ብዙ ይቆያል?" እየተባባሉ ይወዳደራሉ፤ እህታቸው በስልክ ትቀርጻለች። ከመጥለቃቸው በፊት ቶሎ ቶሎ፣ በኃይል ሃያ ሠላሳ ጊዜ ይተነፍሳሉ። "ምን እያደረጋችሁ ነው?" አልኳቸው። ትልቁ፣ "ኦክስጅን እየሞላን ነው ጋሼ፤ ዓሣ ነባሪ እኮ እንዲህ አድርጎ ነው አንድ ሰዓት የሚቆየው" አለኝ። ከየት ሰማህ ስለው፣ ከቪዲዮ።

ወዲያው አስወጣኋቸው። አኮረፉኝ። ያኮረፈ ልጅ ግን ይታረቃል።

እስቲ መጀመሪያ ስለ ዓሣ ነባሪው እናውራ። ስሙ ዓሣ ይበል እንጂ እንደ እኛ በሳንባ የሚተነፍስ አጥቢ እንስሳ ነው። ረጅም ጊዜ መቆየቱም እውነት ነው። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ጠረፍ አካባቢ የተጠና አንድ ባለ ምንቃር ዓሣ ነባሪ 3 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ሳይተነፍስ መቆየቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ሆኗል። ታዲያ ሚስጥሩ ምንድን ነው?

ሚስጥሩ ሳንባው አይደለም፤ ደሙና ጡንቻው ነው። ጡንቻ ውስጥ ኦክስጅን ይዞ የሚያቆይ ማዮግሎቢን የሚባል ፕሮቲን አለ። እኛም አለን፤ ሥጋን ቀይ የሚያደርገው እሱ ነው። ጠላቂ እንስሳት ግን ከእኛ በብዙ እጥፍ ስላላቸው ሥጋቸው ወደ ጥቁር ያደላል። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ኬንድሩ እ.ኤ.አ. በ1958 የፕሮቲንን ቅርጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው በዓሣ ነባሪ ማዮግሎቢን ነበር፤ በ1962 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል።

በደቡብ ዋልታ በረዶ ስር የሚኖረው አቆስጣ ደግሞ (በእንግሊዝኛ "ሲል" የሚሉት) ጭራሽ ከመጥለቁ በፊት አየሩን ያስወጣል! ኦክስጅኑ ደሙና ጡንቻው ውስጥ ስላለ ሳንባውን መሙላት አያስፈልገውም። ሲጠልቅ የልብ ምቱ በጣም ይቀንሳል፤ ደሙም ከቆዳና ከሆድ ዕቃ ተቀንሶ በዋናነት ወደ አንጎልና ወደ ልብ ይሄዳል። እንዲህ ሆኖ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት ይችላል።

የኛው አገር ጉማሬስ? ያ ሁሉ አካል ይዞ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆየው አምስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ውሃ ውስጥ ተኝቶ እንኳ ሳይነቃ ብቅ ብሎ ተንፍሶ ይመለሳል። ጉማሬ አቅሙን ያውቃል፤ ቪዲዮ አያይም።

አሁን ወደ ልጆቹ እንመለስ። ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ኦክስጅን ይሞላል ወይ? አይሞላም! የጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን በተለመደው አተነፋፈስ እንኳ ከ95 በመቶ በላይ በኦክስጅን የተሞላ ነው። የሚጨመርበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። በኃይል ስንተነፍስ በብዛት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አደጋውም እዚህ ጋ ነው።

"ተንፍስ! ተንፍስ!" ብሎ የሚያስጨንቀን ስሜት በዋናነት የሚመጣው ኦክስጅን ስላነሰ አይደለም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለተጠራቀመ ነው። እሱ የሰውነታችን ደወል ነው። አስቀድመን ካራገፍነው ደወሉ ይዘገያል፤ ኦክስጅኑ ግን ማለቁን ይቀጥላል። ልጁ ምንም ሳይጨንቀው፣ "ጥሩ እየሄድኩ ነው" እያለ በድንገት ራሱን ይስታል። ከዚያ ሰውነቱ በራሱ ጊዜ ሲተነፍስ የሚያስገባው ውሃ ነው። አይጮህም፣ አይንፈራገጥም። ዳር ያለው ሰው "ገና እየተወዳደረ ነው" ብሎ ይጠብቃል። ጎበዝ ዋናተኞችም በዚህ ሞተዋል፤ ያውም ወገብ በማያልፍ ውሃ።

"ታዲያ ሃያ ደቂቃ የሚቆዩ ሰዎች አሉ አይደል?" ትሉኝ ይሆናል። አሉ። ክሮኤሺያዊው ቡዲሚር ሾባት እ.ኤ.አ. በ2021 24 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ቆይቷል። ግን አስቀድሞ ንጹሕ ኦክስጅን ተንፍሶ፣ ለዓመታት ሠልጥኖ፣ ሳይንቀሳቀስ ተንሳፎ፣ ሐኪሞች አጠገቡ ቆመው ነው። ቪዲዮው ውጤቱን ያሳያል እንጂ ዝግጅቱን አያሳይም።

የኔ አቋም ግልጽ ነው። ትንፋሽ መያዝን የጀግንነት መለኪያ ማድረጋችን ይብቃ። ዋና ቤቶች "መሮጥ ክልክል ነው" ብለው እንደሚለጥፉት "ትንፋሽ ይዞ መወዳደር ክልክል ነው" ብለውም ይለጥፉ። እኛ ወላጆችም ልጁ ብዙ ሲቆይ ማጨብጨባችንን እናቁም። "ልጆች ናቸው፣ ይጫወቱ" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ይጫወቱ! ውሃ ለልጅ ደስታም ጤናም ነው። እኔ የምቃወመው ደወሉን አጥፍቶ መጥለቅን ነው።

እስከዚያው እነዚህን ያዙልኝ፦

👉 ከመጥለቅ በፊት ቶሎ ቶሎ በኃይል መተንፈስ ፈጽሞ አይገባም።

👉 ማንም ሰው ብቻውን አይጥለቅ። የሚጠብቀው ሰው ዓይኑ ውሃው ላይ ይሁን፣ ስልኩ ላይ አይሁን።

👉 የሚጥል በሽታ ወይም የልብ ችግር ያለበት ሰው ከመዋኘቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

👉 ውሃ ውስጥ ዝም ብሎ የቆመ ሰው ካያችሁ አትጠብቁ፤ ቶሎ አውጡት፣ አምቡላንስ አስጠሩ። የማይተነፍስ ከሆነ አፍ በአፍ ትንፋሽ መስጠትና ደረቱን መጫን ጀምሩ። ዘቅዝቆ ማራገፍና ሆዱን መጫን አይጠቅምም፤ ጊዜ ይገድላል። አንጎል ያለ ኦክስጅን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚታገሰው።

የእህቴ ልጆች በመጨረሻ ታርቀውኛል። አሁን የሚወዳደሩት ማን ቀድሞ ገንዳውን አቋርጦ ይመለሳል በሚለው ነው፤ ጭንቅላታቸው ከውሃ በላይ ብቅ እያለ። ልክ እንደ ጉማሬው።

ይህን ጽሑፍ ልጅ ላለው ሰው ሁሉ ሼር አድርጉልኝ። ሐሳባችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ አነባለሁ። መልካም ጤና!