ጅማ ተቀምጦ ይርጋጨፌ

ሰሞኑን እዚሁ ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር ውስጥ አንድ አዲስ ካፌ ተከፍቷል። በሩ ላይ በትልቁ «እውነተኛ የይርጋጨፌ ቡና» ተብሎ ተጽፏል። ገብቼ የአገራችንን ቡና ብጠይቅ ባለቤቱ፣ ጨዋ ወጣት ነው፣ «ጋሼ፣ ጅማ ብለን ከጻፍን እኮ ደህና ደንበኛ አይገባልንም» አለኝ። የዞናችንን የአጋሮን ቡና የጫኑ መኪኖች በመሀሏ በሚያልፉባት ከተማ ይህን መስማት ያንገበግባል።

ይርጋጨፌን አልጠላም። የጌዴኦ ገበሬ በላቡ ያገኘው ስም ነው፣ ይገባዋል። የምጠላው በሰው ስም ለማደግ መሞከርን ነው።

የልጁ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። «ጅማ 5» የሚባለው ደረጃ ለዘመናት አንገታችንን አስደፍቶናል። ቀዩና አረንጓዴው አብሮ ተሸምጥጦ፣ መሬት ላይ ተሰጥቶ፣ አፈር አፈር እየሸተተ ገበያ የሚወጣ ጀንፈል ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ መንግሥት ከስታርባክስ ጋር እየተሟገተ ሐረርን፣ ሲዳሞንና ይርጋጨፌን በንግድ ምልክትነት ሲያስመዘግብ የጅማ ስም አልተነሣም።

ታዲያ የአጋሮ ዙሪያ ገበሬዎች ምን አደረጉ? ስማቸውን ሳይሆን አለቃቀማቸውን ቀየሩ። ቴክኖሰርቭ የተባለው ድርጅት ባለሙያ ይዞ ሲመጣ እንደ ዱሮሚና፣ ናኖ ጫላና ቢፍቱ ጉዲና ያሉ ማኅበራት ተበድረው የእሸት ቡና ማጠቢያ ተከሉ። የደረሰውን ቀይ ፍሬ ብቻ መልቀም፣ ሳያሳድሩ መፈልፈል፣ አልጋ ላይ ማድረቅ፣ ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲበረታ መሸፈን፣ ብልሹውን ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ማውጣት። ትዕግሥት የሚፈታተን ሥራ ነው። በ2004 ዓ.ም. ዱሮሚና በአፍሪካ የቡና ጣዕም ውድድር አንደኛ ወጣ። አፈሩ ያው ነው፣ ዝናቡም ያው ነው፣ ትናንት በ«ጅማ 5» ስም በርካሽ ይሸጥ የነበረውም የዚያው አገር ቡና ነው።

«ማጠብ የይርጋጨፌ ልማድ ነው፣ የጅማ ማንነት ደረቅ ቡና ነው» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። አልቀበላቸውም። ግዴለሽነትን ማንነት ነው ብሎ መጠበቅ ለጅማ አይበጅም። ደረቁም ቢሆን ቀይ ተለቅሞ አልጋ ላይ ከደረቀ የትም ይቀርባል። ሰው ሙያውን በማሻሻሉ ራሱን ካደ አይባልም፤ የካደውስ በጎረቤቱ ስም የሚነግደው ነው።

ያ ወጣት ልብ ያላለው ሌላም ነገር አለ። ከከተማችን አጠገብ መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ፍሬ የሚያጠፋውን የቡና በሽታ የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ለማግኘት በ1974 እ.ኤ.አ. ኢሉባቦር፣ መቱ አካባቢ ካሉ ዛፎች መርጦ ነበር። 74110 እና 74112 የሚባሉት የዚያ ሥራ ውጤት ናቸው፤ ቁጥራቸው የሚጀምረው በተመረጡበት ዓመት ነው። ዛሬ በጉጂና በጌዴኦ ማሳዎችም ይበቅላሉ። ካፌው የሚያፈላው «ይርጋጨፌ» ዘሩ ከከተማችን ጓሮ የወጣ ሊሆን ይችላል።

ይህን ስጽፍ ግን ንዴቴ ከልጁ ላይ እየተነሣ መጣ። ከአጋሮ፣ ከጌራና ከሊሙ የሚወጣው ምርጥ ቡና በጆንያ ታሽጎ ባሕር ይሻገራል። ሕጉም ለውጭ ገበያ የሚመጥነውን ቡና አገር ውስጥ መሸጥን ለረጅም ዘመን ሲከለክል ኖሯል። ለእኛ ጀበና የሚተርፈው ከምርጡ ተለይቶ የወጣው ነው። የሲያትልና የኦስሎ ሰው አጣጥሞ የሚጠጣውን የአጋሮ ቡና የቦሳ አዲስ ልጅ ቀምሶት አያውቅም። እናቱ ያፈላችለት ያን የተረፈውን ነው። ያልቀመሰውን በምን አፉ ያወድስ? በር ላይ ጽፎ ይሽጠው ብሎ መቆጣትስ ፍርድ ነው?

ስለዚህ ልመናዬ ወደ ማኅበራቱና ወደ ዩኒየኖቹ ነው። በጥቅምት ለቀማው ይጀመራል። ከዘንድሮው ምርት ጥቂት ኪሎ አስቀርታችሁ፣ ፈቃዱንም ከሚመለከተው ጠይቃችሁ፣ እዚሁ ጅማ ለነዋሪው የቅምሻ ቀን አዘጋጁ። የካፌ ባለቤቶችንም ጥሩ፣ ቡናውን ያመረተው ገበሬ ራሱ ቆሞ ይቅዳላቸው።