አይ7 ሁልጊዜ ከአይ5 ይበልጣልን?



ለዛሬው ዓምዳችን መነሻ የሆነን ከአንድ አባት የደረሰን ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው የአራት ልጆች አባት ሲሆኑ ትልቋ ልጃቸው በዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነች። ለእርሷ ላፕቶፕ ለመግዛት ከወር ገቢያቸው እየቀነሱ ከአንድ ዓመት በላይ ቆጥበዋል። ገንዘቡ ለአዲስ ስለማይበቃ ያገለገለ ለመግዛት ወስነው ገበያ ሲወጡ ሁለት የሌኖቮ ቲንክፓድ ላፕቶፖች ቀረቡላቸው፤ አንዱ ቲ470፣ ሌላው ቲ480። ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ባለ 14 ኢንች፣ ዋጋቸውም አንድ ነው። ዓይን የሚያየው ልዩነት ከቁልፎቹ በታች የተለጠፈችው ትንሽ ምልክት ላይ ነው። በቲ470 ላይ «ኮር አይ7»፣ በቲ480 ላይ «ኮር አይ5» ትላለች።

ሻጩ «ሐጂ፣ ሰባት ከአምስት አይበልጥም እንዴ?» ብሏቸዋል። የልጅቷ አጎትም የሻጩን ሐሳብ ደግፈዋል። ልጅቷ ግን «አይ5 ያለው ይሻለኛል» ብላ ሙጭጭ ብላለች። የ13 ዓመት ወንድሟ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው የትኛው ኳስ ጌም በደንብ እንደሚያጫውት ነው። አባትየው በዚህ መሐል ግራ ተጋብተው «ከተሳሳትኩ ዳግመኛ የምገዛበት አቅም የለኝምና አስረዱኝ» ሲሉ ጽፈውልናል።

እኛም ብንሆን ከዚህ ስሕተት አላመለጥንም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቢሯችን ያገለገለ ላፕቶፕ ስንገዛ ያችኑ ምልክት ብቻ አይተን፣ «አይ7 ነው» ተባብለን፣ ደስ ብሎን ይዘን ገባን። ፎቶግራፍና የመጽሔቱን ገጽ ባንድ ላይ ከፍተን መሥራት ስንጀምር ግን ማሽኑ ያቃስት ጀመር። ያን ጊዜ ነው ከምልክቷ አልፈን ሙሉ ስሙን ማንበብ የተማርነው።

ታዲያ ሙሉ ስሙ ምን ይላል? አንባቢያችን የላኩልን ዝርዝር እንደሚያሳየው በቲ470 ውስጥ ያለው የኢንቴል ኮር አይ7-7500ዩ፣ በቲ480 ውስጥ ያለው ደግሞ ኮር አይ5-8250ዩ የተባለው ፕሮሰሰር ነው። ከጭረቷ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው አኃዝ ትውልዱን ይናገራል። 7500 ሰባተኛ ትውልድ፣ 8250 ስምንተኛ ትውልድ ማለት ነው። ከአሥረኛው ትውልድ ጀምሮ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አኃዞች ማንበብ ያስፈልጋል። መጨረሻ ላይ ያለችው «ዩ» የምትለው ፊደል ኤሌክትሪክ ቆጣቢ መሆኑን ታመለክታለች፤ ሁለቱም በ15 ዋት የሚሠሩ ናቸው። የመጀመሪያው በ2016፣ ሁለተኛው በ2017 ለገበያ የቀረቡ ሲሆን (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በመካከላቸው ያለው አንድ ዓመት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በዚያች አንድ ዓመት ኢንቴል ትልቅ ለውጥ አድርጎ ነበር። አይ7-7500ዩ ሁለት ኮር ሲኖረው አይ5-8250ዩ አራት ኮር አለው።

ኮር ማለት ምን እንደሆነ ለማያውቁ አንባብያን በልብስ ስፌት ቤት እናስረዳ። ሁለት ስፌት ቤቶች አሉ እንበል። በአንደኛው ሁለት፣ በሌላኛው አራት ልብስ ሰፊዎች ተቀምጠዋል። የአንዱ ሰፊ ፍጥነት ከሌላው ጋር የተቀራረበ ነው። በኛው ጉዳይ የአይ7ቱ ከፍተኛ ፍጥነት 3.5፣ የአይ5ቱ 3.4 ጊጋኸርዝ ነው። አንድ ጀለቢያ ብቻ ይዞ የሄደ ሰው በሁለቱም ቤት እኩል ሰዓት ቢጠብቅ ነው። የዒድ ሰሞን ሲደርስና ጨርቁ ሲከመር ግን ልዩነቱ ይታያል።

እንግዲህ ተማሪዋ አንድ የዎርድ ጽሑፍ ብቻ ከፍታ ስትጽፍ ሁለቱ ላፕቶፖች አይለያዩም፤ እንዲያውም አይ7ቱ በፀጉር ያህል ይቀድም ይሆናል። ሆኖም የዛሬ ተማሪ እንደዚያ አይሠራም። በዙም ትምህርት እየተከታተለች፣ ኤክሴል ከፍታ፣ በብራውዘሯ አሥርና አሥራ አምስት ገጽ ደርድራ፣ ከበስተጀርባ ደግሞ ጸረ-ቫይረሱ ሲፈትሽ፣ ይህ የዒድ ሰሞን ነው። ሁሉም ኮሮች አንድ ላይ በሚሠሩባቸው ከባድ ሥራዎች አይ5-8250ዩ ከአይ7-7500ዩ አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይፈጥናል። አራት ኮር ስላለው እጥፍ ይሆናል ብሎ መጠበቅ ግን ስሕተት ነው። አራቱም ያንኑ 15 ዋት ተካፍለው ስለሚሠሩ ሥራው ሲረዝምና ሲሞቁ ፍጥነታቸው ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ሻጩ የሚያሳየውን ሌላ ቁጥር እናንሣ። በዝርዝሩ ላይ አይ7ቱ 2.7፣ አይ5ቱ 1.6 ጊጋኸርዝ ተብሎ ተጽፎ ሲታይ ማንም ሰው የመጀመሪያውን ይመርጣል። ይህ መነሻ ፍጥነት የሚባለው ነው። የአይ5ቱ ዝቅ ብሎ የተጻፈው ቀርፋፋ ስለሆነ ሳይሆን አራት ኮር በአንድ 15 ዋት እንዲኖሩ ስለተደረገ ነው። ሥራ ሲመጣ፣ ቅድም እንዳልነው፣ እስከ 3.4 ይወጣል።

አሁን ወደ ታናሽ ወንድሟ ጥያቄ እንምጣ። በጌም በኩል የምንሰጠው መልስ ልጁን ብዙም ላያስደስተው ይችላል። ጌም ከሁሉ በላይ የሚደገፈው ምስሉን በሚሠራው ክፍል ማለትም በግራፊክሱ ላይ ነው። እነዚህ ሁለት ላፕቶፖች የተለየ የግራፊክስ ካርድ የሌላቸው በመሆናቸው ሥራው የሚወድቀው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ግራፊክስ ላይ ይሆናል። የአይ7ቱ ኤች.ዲ. 620፣ የአይ5ቱ ዩ.ኤች.ዲ. 620 ይባላል። አንድ ፊደል ቢጨመርበትም በውስጡ ያለው ነገር ያው ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱም 24 የሥራ ክፍሎች ሲኖሯቸው ከፍተኛ ፍጥነታቸው 1.05 እና 1.10 ጊጋኸርዝ ነው። በስፌት ቤቱ ምሳሌ ብንሄድ ሰፊዎቹ ሁለትም ይሁኑ አራት፣ ጥልፍ ጠላፊው በየቤቱ አንድ ብቻ ነው፤ የሁለቱም ጠላፊዎች ችሎታ እኩል ነው። ጌም ደግሞ ከእግር እስከ ራሱ ጥልፍ ነው።

ስለዚህ እንደ ፔስ 2017 ያለ የኳስ ጌም የምስሉን ጥራት ዝቅ ካደረጉለት በሁለቱም ይጫወታል። በ2015 ለኮምፒዩተር የወጣው ጂ.ቲ.ኤ. 5 በሁለቱም በዝቅተኛው ጥራት እየተንገዳገደ ይሄዳል። (ወላጆች ልብ በሉ፤ ይህ ጌም በአውሮፓ የጌም ምደባ ከ18 ዓመት በላይ ለሆኑ ተብሎ የተመደበ ነውና የ13 ዓመት ልጅ ጨዋታ አይደለም።) ከዚያ በኋላ የወጡትን ከባድ ጌሞች ሁለቱም አይችሏቸውም። አይ5ቱ የሚሻለው እንደ ማይንክራፍት ባሉ፣ ዓለሙን እየፈጠሩ በሚሄዱና ፕሮሰሰሩን በሚያስጨንቁ ጌሞች ነው፤ በየመሐሉ ቀጥ ማለቱ ይቀንሳል።

ልጁ ከልቡ ጌሙ እንዲሻሻልለት ከፈለገ አባቱን ፕሮሰሰር ሳይሆን ራም ቢጠይቃቸው ይሻለዋል። ይህ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ስለሆነ ትንሽ እናብራራው። በእነዚህ ላፕቶፖች ግራፊክሱ የራሱ ማስታወሻ የለውም፤ ከራሙ ተበድሮ ነው የሚሠራው። በሁለቱም ቲንክፓዶች ውስጥ ሁለት የራም ቦታ አለ። በአንዱ ባለ 8 ጊጋባይት ራም ብቻ ተሰክቶ ሌላው ባዶ ከሆነ መንገዱ አንድ ነው። ሁለት ባለ 4 ጊጋባይት ሲሰኩ ግን መጠኑ ያው 8 ሆኖ መንገዱ ሁለት ይሆናል፤ በአንድ ጊዜ የሚያልፈው መረጃ እጥፍ ይሆናል። በጌም ላይ ይህ በሁለቱ ፕሮሰሰሮች መካከል ካለው ልዩነት በልጦ ይታያል። ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙ ጊዜ በአንድ ራም ብቻ ይሸጣሉና ጠይቁ።

እስካሁን ያልነው ስለ ፍጥነት ነው። አንባቢያችንን ይበልጥ ሊያሳስባቸው የሚገባው ግን ሌላ ነገር ነው። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 11ን በ2021 ሲያወጣ የሚደግፋቸውን ፕሮሰሰሮች ዝርዝር አውጥቶ ነበር። ከኢንቴል በኩል ዝርዝሩ፣ ከጥቂት ልዩ ዓይነቶች በቀር፣ የሚጀምረው ከስምንተኛው ትውልድ ነው። አይ5-8250ዩ ከዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ አይ7-7500ዩ የለም። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ይህም ማለት ቲ470ውን የገዛ ሰው በቀዳዳ የሚገቡ ቫይረሶችን የሚደፍነው እድሳት በመደበኛነት የማይደርሰው ማሽን ገዛ ማለት ነው። የሒሳብ ተማሪዋ ገና ሁለት ዓመት ይቀራታል። ከዚያም ሥራ ስትይዝ የሰው ሒሳብ በዚሁ ማሽን ልትሠራ ትችላለች።

«ግን እኮ ሻጩ ሲያሳየን ቲ470ው ላይ ዊንዶውስ 11 ነው የነበረው» የሚል ይኖራል። ይህ ሊሆን ይችላል። ፍተሻውን አልፈው በግድ የሚጭኑበት ዘዴ አለ። ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ለተጫነበት ማሽን እድሳት ለመስጠት ዋስትና እንደማይገባ በግልጽ አስታውቋል። ስለዚህ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ዊንዶውስ ማስረጃ አይሆንም። ሊኑክስ መጠቀም የሚችል ሰው በአይ7ቱም ለብዙ ጊዜ ያለ ችግር ሊሠራ ይችላል። ዩኒቨርሲቲው የሚፈልገው የሒሳብ ፕሮግራም ግን በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ እንደሆነ ቀድሞ ማጣራት ይገባል።

እንግዲህ ፍርዳችን ግልጽ ነው፤ ልጅቷ ልክ ነች። አጎቷም ቢሆኑ ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል አንልም። በአንድ ትውልድ ውስጥ አይ7 ከአይ5 ይበልጣል። ለምሳሌ ያው ቲ480 አይ7-8550ዩ ይዞ ቢገኝ ፍጥነቱ እስከ 4.0 ጊጋኸርዝ ይደርሳልና ይሻላል። እርሱም ባለ አራት ኮር በመሆኑ ግን ብዙ ገንዘብ ሊጨመርበት አይገባም። ከሰባተኛው ትውልድም ቢሆን አይ7-7700ኤች.ኪው. የሚል ከተገኘ አራት ኮር ያለው፣ የሚወስደውም ኤሌክትሪክ 45 ዋት የሆነ ብርቱ ፕሮሰሰር ነውና ከ7500ዩ ጋር አይደባለቅ። የዊንዶውሱ ጉዳይ ግን እርሱንም ይመለከተዋል።

ሱቅ ስትሄዱ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች ባንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለውን ክፍል ስትነኩ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስምና የኮሩ ብዛት ይወጣል። ሜሞሪ የሚለውን ስትነኩ ደግሞ ከሁለቱ የራም ቦታ ስንቱ እንደተያዘ ይነግራችኋል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ለማሳየት የሚያንገራግር ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ሱቅ አለ። ዲስኩንም እዚያው ተመልከቱ። አይ5ቱ አሮጌ ሃርድ ዲስክ፣ አይ7ቱ ኤስ.ኤስ.ዲ. ይዘው ከቀረቡ ሲከፈቱ አይ7ቱ ፈጣን ይመስላል። ፈጣኑ ዲስኩ ነው እንጂ ፕሮሰሰሩ አይደለም። ቻርጀሩንም ነቅላችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል አሠሩት፤ የባትሪው ነገር ያን ጊዜ ይታወቃል።

አጎትየው በደብዳቤው መጨረሻ ላይ «አይ7ቱን ገዝተን ኋላ ፕሮሰሰሩን ብናስቀይረውስ?» የሚል ጥያቄ አስጽፈዋል። አይቻልም። በሁለቱም ላፕቶፖች ፕሮሰሰሩ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። ራሙ ይጨመራል፣ ዲስኩ ይለወጣል፣ ባትሪውም ይቀየራል፤ እነዚህን ገንዘብ በተገኘ ጊዜ አንድ በአንድ ማሟላት ይቻላል። ፕሮሰሰሩ ግን ላፕቶፑን በገዛችሁበት ዕለት የመረጣችሁት ሆኖ ይቀራል።