ሽምጡ ይቆይ፣ ሶምሶማው ይቅደም

ፈረስ ሲባል በአገራችን ቶሎ ሰው አእምሮ ውስጥ የሚመጣው ሽምጥ ግልቢያ ነው። ጉግስ ላይም ሆነ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ተመልካቹ ጩኸቱን የሚያቀልጠው አቧራው ሲጨስ ነው። ማማሩን ማንም አይክድም። ለመሆኑ ግን ገና ኮርቻ ላይ የወጣ ልጅ የሚወዳደረው የት ነው?

አሜሪካኖቹ ለዚህ መላ አላቸው። በፈረስ ትርኢቶቻቸው ላይ እርምጃና ሶምሶማ ብቻ የሚታይበት የጀማሪዎች ምድብ አለ። ተወዳዳሪዎቹ በአጥር በተከለለ ሜዳ አብረው ይዞራሉ፤ ዳኛው ሲያዝ ይራመዳሉ፣ በሶምሶማ ይሄዳሉ፣ አቅጣጫ ይቀይራሉ። ማን ቀደመ የሚባል ነገር የለም። የሚታየው ሌላ ነው። ተረከዙ ወደ ታች ወርዷል? እጁ ረግቷል? ዓይኑ ወደ ፊት ነው ወይስ የፈረሱን አንገት ያያል? ፈረሱ አምልጦት ደንገላሳ ከገባ ነጥብ ይጥላል።

ነገሩ ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። ፈረስ ሲራመድ አራቱን እግሮቹን ተራ በተራ ስለሚያሳርፍ ጋላቢው አይቸገርም። ሶምሶማ ላይ ግን የፊት ቀኝ ከኋላ ግራ፣ የፊት ግራ ከኋላ ቀኝ ጋር ጥንድ ጥንድ ሆነው መሬት ይመታሉ። ጋላቢው በአንዱ ምት ከኮርቻው ብድግ፣ በሌላው ቁጭ ማለት ካልቻለ ይንገጫገጫል። ሚዛኑን ሲስት ደግሞ የሚንጠለጠለው ልጓሙ ላይ ነው፤ የሚጎዳው የፈረሱ አፍ ነው። አባቶች ለረጅም መንገድ ሰጋር በቅሎ ይመርጡ የነበረው በከንቱ አይደለም፤ ስግሪያ ሰው አያንገጫግጭም።

እንግዲህ ሶምሶማ ላይ መቀመጥ ያልቻለን ልጅ ሽምጥ ማስጋለብ ምን ይሉታል? ጀግንነት ሳይሆን ዕድል መሞከር ነው። ሯጭ እንኳ ሰውነቱን በሶምሶማ ሳያሟሙቅ ወደ ፍጥነት አይገባም።

"ይሄ የፈረንጅ ቅንጦት ነው" የሚሉ አይጠፉም። ቅንጦቱ የቱ ጋ ነው? የሚያስፈልገው ገመድ የተዘረጋበት ሜዳ፣ ረጋ ያለ ፈረስና ዓይኑ የማይስት አንድ አንጋፋ ፈረሰኛ ነው። ሦስቱም በአገሩ ሞልተዋል።

የፈረስ በዓል አዘጋጆች ከሽምጡ በፊት ግማሽ ሰዓት ለጀማሪዎች ቢሰጡ የሚጎድልባቸው የለም። ጭብጨባውም ለፈጠነው ብቻ ሳይሆን ኮርቻው ላይ ረግቶ ለተቀመጠውም ይድረስ። ነገ ጉግሱን የሚያደምቀው እሱ ነው።