የሚጮህ ዲኤክስ ሁሉ አይፈጥንም
እስቲ ልጠይቃችሁ፤ መብራት ላይ ቆሞ «ዱግ... ዱግ ዱግ...» የሚል ኮሮላ ዲኤክስ ያስቀናችኋል? እኔን ያሳዝነኛል! «ትልቁን ግጠም» ባይ ጋራዥ አታሎታል። 1290 ሲሲ ፎር ኬ ሞተር ላይ 290 ዲግሪ ካምሻፍት ቅጣት ነው፤ ያውም በገዛ ገንዘብ።

የአየር ማስገቢያው ቫልቭ ዘግይቶ ሲዘጋ፣ በዝቅተኛ ዙር ከገባው አየር ከፊሉ ተመልሶ ይወጣል። ኮምፕሬሽን ይወርዳል፤ ጉልበቱ ወደ ከፍተኛ ዙር ይሸሻል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር ትበልጣለች፤ አየሩ ድሮም ስስ ነው። እንጦጦን ስትወጡ የማርሚታ ጩኸት አይገፋችሁም። 5000 ዙር የምታስጮኹትስ የት ነው? መገናኛ ሰልፍ ውስጥ?

ለከተማ ከ260 ዲግሪ ያልራቀ ይበቃል፤ ከአዲስ ታፔት ጋር ግን። አሮጌ ታፔት አዲስ ካም ይበላል። ሞተሩ ጭስ የሚተፋ ከሆነማ ካሙን ተዉት፤ ብሩን ለፒስተን ቀለበት አውሉት።