ተወዛዋዥ ለመሆን ስለምትሻ ልጅ ለወላጆች የተጻፈ ምክር

በቅርቡ በባሕር ዳር ከተማ፥ ከጣና ዳር በተደረገ አንድ ሰርግ ተገኝቼ ነበር። መሰንቆው ሲመታ፥ ከበሮውም ሲከተል፥ የአንድ ወዳጄ ልጅ ከእኩዮቿ መካከል ወጥታ እስክስታ ወረደች። የጎጃሙን ስልት ከጎንደሩ ለይታ ስታሳይ ሽማግሌዎቹ እንኳ ጨዋታቸውን አቋርጠው ተመለከቷት።

አባትየው ግን ፊታቸው አልበራም። ጥቂት ቈይተን ወደ ባሕሩ ዳር ወጥተን የደንገሉን ታንኳ ስንመለከት፥ «ልጄ ትምህርቷን ስትጨርስ በዚህ ሙያ ልኑር ትለኛለች። በአባቶቼ ቤት አዝማሪ ይጠራ ነበር እንጂ አዝማሪ አይወለድም ነበር። ደግሞስ ዕድሜዋ ወደ አርባ ሲጠጋና ጉልበቷ ሲደክም ምን ልትሆን ነው?» አሉኝ። እናትየውም ከኋላችን ቆመው ይሰሙ ነበርና መልሴን ለማወቅ ቀረብ አሉ።

ከእነዚህ ከሁለቱ ጥያቄዎች የፊተኛው የክብር፥ የኋለኛው የእንጀራ ጥያቄ ነው። በዚያ ሰዓት በአጭሩ የመለስሁትን አሁን አስፍቼ እጽፈዋለሁ፤ ይህ አሳብ የእኒያ አባት ብቻ አይደለምና።

ስለ ክብር የተነገረውን አስቀድመን እንመልከት። መኳንንቱ አዝማሪውን በግብራቸው ላይ ያቆሙት ነበር፤ በሰምና ወርቅ ሲያመሰግናቸው ይሸልሙታል፥ ሲነካቸውም ይታገሡታል። ነገር ግን ጥበቡን እየወደዱ ባለጥበቡን ከቤተሰባቸው ያርቁት ነበር። ይህ ልማድ በዘመናችን ሊመረመር ይገባዋል። በአገራችን የሰውነትን አካሄድ በመምህር ፊት መማር እንግዳ ነገር አይደለም። በጎንደር በዓታ አቋቋም የሚማረው ደቀ መዝሙር መቋሚያውን፥ ጸናጽሉንና እግሩን ከዜማው ጋራ ለማስማማት ስንት ዓመት ይደክማል! ሲጠነቅቅም መሪጌታ ተብሎ ሌሎችን ይመራል። ይህን ስል ማኅሌቱን ከሰርግ ጨዋታ ጋራ አንድ ማድረጌ አይደለም። አስቀድሞ ራሱ የተማረና ያገለገለ ሰው በኋላ መሪ መሆኑ፥ ለእኛ የታወቀ ሥርዓት መሆኑን ለማሳሰብ ነው።

አሁን ወደ እንጀራው ጥያቄ እንመለስ። የተወዛዋዥ ዘመን አጭር መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የሙያው ፍጻሜ የጉልበቱ ፍጻሜ አለመሆኑን የሚያስረዱ ሁለት ሰዎችን ልጥቀስ፤ የምጠራቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የፊተኛዋ ጃፓናዊቱ ሚያኮ ዮሺዳ ናት። በ1965 ዓ.ም. በቶኪዮ የተወለደች ስትሆን የተማረችው ባሌ የተባለውን የአውሮፓን ውዝዋዜ ነው። በ1983 ዓ.ም. በስዊስ አገር በሎዛን ከተማ በሚደረገው የወጣቶች ውድድር ተሸልማ ወደ እንግሊዝ አገር ለመማር ሄደች። በ1984 ዓ.ም. ሳድለርስ ዌልስ ከሚባለው የንጉሣዊ ባሌ ማኅበር ገብታ፥ በ1988 ዓ.ም. የመሪ ተወዛዋዥነት ማዕረግ ተቀበለች፤ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ማዕረግ ወደ ለንደኑ የንጉሣዊ ባሌ ማኅበር ተዛወረች። በ2019 ዓ.ም. ከመድረክ ስትሰናበት ዕድሜዋ ከሃምሳ አልፎ ነበር። በማግሥቱ ዓመት፥ በ2020 ዓ.ም.፥ የአገሯ የጃፓን ብሔራዊ የባሌ ማኅበር የጥበብ መሪ ሆና ተሾመች። በ2025 ዓ.ም. ይህን ማኅበር ይዛ፥ በ1841 ዓ.ም. በፓሪስ መጀመሪያ የታየውን «ዢዜል» የተባለውን ድርሰት ቀድሞ እርስዋ በተወዛወዘችበት በለንደኑ የኦፔራ ቤት አሳየች። ልጅ ሳለች ከባሕር ማዶ የተማረችውን፥ ጐልምሳ ለአስተማሪዎቿ አገር መልሳ አቀረበችው።

ሁለተኛው የእኛው አገር ሰው አቶ መላኩ በላይ ነው። በአዲስ አበባ በካዛንቺስ ሰፈር ፈንዲቃ በሚባለው አዝማሪ ቤት በወጣትነቱ ተወዛዋዥ ነበረ። ደመወዝ አልነበረውም፤ ተመልካች በሸለመው ገንዘብ እየኖረ፥ ሌሊቱንም እዚያው ቤት እያደረ ብዙ ዓመት አገለገለ። በ2008 ዓ.ም. ግን ቤቱን ራሱ ተረክቦ አስተዳዳሪ ሆነ። ከዚያ በኋላ ኢትዮ ከለር የተባለውን የሙዚቃና የውዝዋዜ ጓድ አቋቁሞ የአገራችንን ጭፈራ በውጭ አገር መድረኮች አሳየ። በ2015 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት የኪነ ጥበባትና የሥነ ጽሑፍ ኒሻን በሸቫሊዬ ማዕረግ ሸለመው። አዝማሪ ቤቱንም አስፍቶ ሥዕል የሚታይበትና ግጥም የሚነበብበት የባህል ማዕከል አደረገው። በ2024 ዓ.ም. የካዛንቺስ ሰፈር ለአዲስ ሥራ ሲፈርስ የፈንዲቃም ቤት አብሮ ፈረሰ፤ ጓዱ ግን አልተበተነም፥ ሥራውን በሌላ ቦታ ቀጠለ።

እንግዲህ እነዚህ ሁለት ሰዎች በአገር፥ በስልትና በሀብት ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። አንዲቱ በመንግሥት ቴአትር ተሾመች፤ ሌላው ቤቱን በራሱ ትከሻ ተሸከመ። የሚመሳሰሉበት ነገር ግን አንድ ነው፤ ሁለቱም ከተወዛዋዥነት ወደ መሪነት ሲሻገሩ ሌላ ሙያ ለመማር ግድ ሆነባቸው። መሪ የሚያስበው ስለ ራሱ እግር አይደለም። ማን በየትኛው ጨዋታ እንደሚወጣ ይመርጣል፤ የታመመውን ያሳርፋል፤ ኪራይና ደመወዝ በቀኑ እንዲከፈል ይጠነቀቃል፤ ከእርሱ የተሻለ ወጣት ሲመጣም ሳይቀና ቦታውን ይለቃል። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ የሚከብድ ይመስለኛል።

ስለዚህ ለወዳጄ የሰጠሁት ምክር ይህ ነው። ልጅዎን አይከልክሏት፤ የተከለከለች ልጅ ተሰውራ ትሄዳለችና። ነገር ግን ጀምራ የተወችውን ትምህርት እንዳይኖር አድርገው አስቀድማ ትጨርስ። ሒሳብ መያዝና ውል አንብቦ መፈረም ትማር፤ ብዙ ባለጥበብ የሚጐዳው ጥበብ አንሶት ሳይሆን የፈረመውን ሳያውቅ ነውና። ከጎጃምና ከጎንደር ስልት ሌላ የሌሎችንም ክፍለ ሀገር ጭፈራ ከባለቤቶቹ እግር ሥር ተቀምጣ ትማር። በዚሁ በባሕር ዳር ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ስላለ ሥራውን ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያሻትም፤ እርስዎም አብረዋት ሄደው ልምምዱን ይመልከቱ። የሥራውን ድካም ያየ አባት በኋላ «ጨዋታ ነው» ብሎ አይንቀውም።

አባትየው ይህን ሰምተው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ፤ በመጨረሻም «ልምምዱን ማየቱን እሺ ብያለሁ፤ የቀረውን ካየሁ በኋላ እናገራለሁ» አሉኝ። እናትየው ግን ወዲያው ወደ ድንኳኑ ተመልሰው ነጠላቸውን ለልጃቸው አለበሷት፤ በላብ ርሳ ነበርና የጣና ነፋስ እንዳይመታት ፈሩ። እኔም በዚያ ሰዓት ልጅቱ ከአባቷ ዘንድ ግማሹን ፈቃድ፥ ከእናቷ ዘንድ ግን ሙሉውን እንዳገኘች ተረዳሁ።