አባባን ስለ ቀይ ሽብር ከመጠየቃችሁ በፊት



እሁድ ልጆቻችሁን ድንቅነሽን ልታሳዩ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ስትሄዱ አያትም አብረው ይመጡ ይሆናል። ወጥታችሁ በቴክኖሎጂ ፋኩልቲ አጥር በኩል ስታልፉ እርምጃቸው ይቀዘቅዛል። ይሄኔ አንዱ ልጅ ስልኩን አውጥቶ «አባባ፣ በደርግ ጊዜ እዚህ ምን ሆነ? ይንገሩን፣ እየቀዳሁ ነው» ይላል።

ስልኩን ለጊዜው መልሱት እላለሁ።

በ1969 ዓ.ም 18 ዓመት የሞላው ተማሪ ዛሬ ከ65 ዓመት አልፏል። ታሪኩ ሳይጠፋ እንሰብስብ ማለታችሁ ትክክል ነው። እኔ የምቃወመው «ይተንፍሱት፣ ይወጣላቸዋል» የሚለውን አባባል ነው። ክፉ ትዝታ እንደ ሌላው ትዝታ አይደለም። ሌሊት በር ላይ የሚቆም መኪና ድምፅ ሲቀሰቅሰው ሰውነት ነገሩ አሁን እየሆነ ይመስለዋል፤ ልብ ይመታል፣ ደም ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። በዚያ ዘመን ልጁን እንዳያለቅስ የተከለከለ፣ አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ክፈል የተባለ ወላጅ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ዝምታን የተማረው ለመትረፍ ብሎ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳን ለአደጋ ተጎጂዎች በሚሰጠው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ፣ ሰውን ታሪክህን ንገረኝ ብላችሁ አትጫኑት ይላል።

ስለዚህ ከቀናት በፊት ፈቃዳቸውን ጠይቁ፤ ድንገት አይሁን። ማታ ከመኝታ በፊት ሳይሆን ጠዋት፣ ቡና ሲፈላ ይሁን። ከትምህርት ቤታቸው፣ ከሰፈር ጓደኞቻቸው፣ ፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያ ካዩት ፊልም ጀምሩ። ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ እሳቸው ይምረጡ። «ለምን አልሸሹም?»፣ «ማን ጠቆመባችሁ?» አይባልም፤ ጠቋሚው እስከ ዛሬ ለቅሶ የሚደራረሱት ጎረቤት ሊሆን ይችላል። (አንዳንዱ አያት ደግሞ ራሱ አብዮት ጥበቃ ሆኖ ጠመንጃ የያዘ ነው። እሱም አይተኛም።) ዓመተ ምሕረት ቢሳሳቱ አታርሙ።

እጃቸው ከተንቀጠቀጠ፣ ትንፋሻቸው ካጠረ ወይም ዓይናቸው ፈዞ ከቀረ አቁሙ። ስማቸውን ጠርታችሁ «እኔ ነኝ፣ ቤታችን ነን» በሏቸው፤ እግራቸው መሬት ይርገጥ፣ ውኃ ይጠጡ። ደረቴን ወጋኝ ካሉ ግን ትዝታ ነው ብላችሁ አትጠብቁ፣ ቶሎ ወደ ሆስፒታል ውሰዷቸው።

በቀጣዮቹ ቀናት አዳራቸውን ጠይቁ። ቅዠቱና እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታት ከዘለቀ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ወይም የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ቅርብ ጤና ተቋም ይሂዱ። «አብጃለሁ እንዴ?» ማለታቸው አይቀርም። እናንተም አብራችሁ ገብታችሁ ተቀመጡ።

የተቀዳው ድምፅ የእሳቸው ነው። ቲክቶክ ላይ ከመጫናችሁ በፊት አሰሟቸው። «ይችን አጥፋት» ካሉ እዚያው እያዩ አጥፏት።