ፊደሉን ለማረም ገጹን አንፋቅ

በብራና ላይ የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ አንዲት ፊደል ቢሳሳት ያችኑ ፊደል በምላጭ ፍቆ ትክክለኛዋን በቦታዋ ይተካል እንጂ ገጹን በሙሉ አያጠፋም። በቀይ የተጻፈው በቀይ፣ በጥቁር የተጻፈውም በጥቁር እንደሆነ ይቆያል። የዘመናችን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊ ግን አንዲት ፊደል አርማለሁ ብሎ የገጹን ቅርፅ ጠቅላላ ሊያጠፋ ይችላል፤ ማጥፋቱንም ሳያውቅ ሊቀር ይችላል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ማስረዳትና ከወዲሁ ልናደርገው የሚገባንን ጥንቃቄ ማመልከት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

እንደሚታወቀው ዲማ ጊዮርጊስን፣ ደብረ ወርቅንና መርጡለ ማርያምን የመሳሰሉት የጎጃም ገዳማትና አድባራት የብዙ ብራና መጻሕፍት ባለቤቶች ናቸው። እነዚህን መጻሕፍት ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት ሲታሰብ ቀላሉ መንገድ ፎቶግራፍ ማንሣት ነው። ሆኖም ፎቶግራፉ ብቻውን ቃል ተፈልጎ አይገኝበትም። ሁለተኛው መንገድ ፊደላቱን ብቻ መተየብ ነው። በዚህ ጊዜ ቃሉ ይገኛል፤ ነገር ግን የትኛው በቀይ ቀለም እንደተጻፈ፣ መስመሩ የት ላይ እንዳበቃ፣ በኅዳጉ ላይ ያለውን ማን እንደጨመረው ይጠፋል። ሁለቱንም አጣምሮ ለመያዝ የሚያስችለው ሦስተኛው መንገድ ጽሑፉን በዛፍ መልክ ማዋቀር ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ኤክስኤምኤል የሚሠራው በዚህ ዘዴ ነው። በጀርመን የሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው ፕሮጀክት የኢትዮጵያንና የኤርትራን የብራና ቅርስ የሚመዘግበው በዚሁ ኤክስኤምኤል ነው።

መጽሐፉ እንደ ግንድ፣ ምዕራፉ እንደ ቅርንጫፍ፣ አንቀጹም እንደ ዘለላ ቢታሰብ የዛፉ ነገር ይገባናል። ፕሮግራማችን በዚህ ዛፍ ላይ ወጥቶና ወርዶ እንዲሠራ የሚያስችለው የመነጋገሪያ ደንብ ደግሞ ኢንተርፌስ ይባላል። ከእነዚህ ደንቦች በስፋት የሚታወቀው በዚያው በ1998 የወጣውና በአሕጽሮት «ዶም» የሚባለው ነው። በዶም ሕግ ፊደላቱ የሚቀመጡት በአንቀጹ ወይም በምዕራፉ ላይ በቀጥታ አይደለም። ከእነርሱ ሥር በተንጠለጠሉ «የጽሑፍ አንጓዎች» ውስጥ ነው። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ይህን ባለማስተዋል ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በብራና መጻሕፍታችን ውስጥ የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም መጻፉ የተለመደ ነው። «ለማርያም» በሚለው ቃል «ለ» በጥቁር፣ «ማርያም» በቀይ ይጻፋል እንበል። ለአንባቢ አንድ ቃል ነው። በዛፉ ውስጥ ግን «ለ» በአንድ አንጓ፣ «ማርያም» ደግሞ ቀዩን ቀለም በሚያመለክተው ቅርንጫፍ ሥር በሌላ አንጓ ይቀመጣሉ። እያንዳንዱን አንጓ ለየብቻ የሚፈትሽ ፕሮግራም «ለማርያም» የሚለውን ቃል ፈጽሞ አያገኘውም። «የለም» ብሎ ይመልሳል፤ ተመራማሪውም ያምነዋል።

ለዚህ ችግር «ቴክስት ኮንቴንት» የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በዶም ሦስተኛ ደረጃ የተካተተው መሣሪያ መፍትሔ ይሰጣል። በአንድ ቅርንጫፍ ሥር ያሉትን የጽሑፍ አንጓዎች ሁሉ በቅደም ተከተላቸው ሰብስቦ እንደ አንድ ንባብ ያቀርባል። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። አደጋው የሚመጣው በዚሁ መሣሪያ ለመጻፍ ስንሞክር ነው። የአንድን አንቀጽ ቴክስት ኮንቴንት አንብበን፣ አንዲት ፊደል አርመን መልሰን ብንጽፈው ከአንቀጹ ሥር የነበሩት ቅርንጫፎች በሙሉ ይሰረዙና በቦታቸው አንድ የጽሑፍ አንጓ ብቻ ይተካል። ቀዩ ምልክት ይጠፋል፤ የመስመሩ ወሰን ይጠፋል። ፊደላቱ በስክሪኑ ላይ እንዳሉ ስለሚታዩ ጥፋቱን የሚያስተውል የለም፤ ኮምፒዩተሩም ስህተት አለ አይልም። ስለዚህ እርማት መደረግ ያለበት ፊደሏ ባለችበት አንጓ ላይ ብቻ ነው። ዶም ለዚህ «ሪፕሌስ ዳታ» የተባለ፣ ከስንተኛው ፊደል እስከ ስንተኛው እንደሚተካ የሚነገረው መሣሪያ ከመነሻው አዘጋጅቷል። ከቁም ጸሐፊው ምላጭ ጋር የሚመሳሰለው ይህ ነው።

ሌላው ጉዳይ ክፍት ቦታ ነው። በብራናው ላይ ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ ስለሆነ ጸሐፊው መስመሩ ሲያልቅበት ቃሉን ያለ ምንም ምልክት ከፍሎ ወደ ቀጣዩ መስመር ይሻገራል። «ማር» ከላይ ቀርቶ «ያም» ከታች ሊወርድ ይችላል። የኤክስኤምኤል ፋይልን ለዓይን እንዲያምር የሚያስተካክሉ ሶፍትዌሮች በዚህ መሐል አዲስ መስመርና ክፍት ቦታ ቢጨምሩ ዶም እነርሱንም እንደ ጽሑፍ ይቆጥራቸዋል። በዚህ ምክንያት ስለ ጎጃም ማር የሚያጠና ተማሪ ማር ያልተጠቀሰበትን ገጽ ሊያገኝ፣ ማርያምን የሚፈልገው ደግሞ ሊያጣ ይችላል። ክፍት ቦታውን ሁሉ እናጥፋ ብንል ደግሞ ቃላቱ በክፍት ቦታ በሚለዩበት የዛሬው አጻጻፍ ላይ ቃል ከቃል ይጣበቅብናል። እንግዲህ ይህን የሚወስነው መሣሪያው ሳይሆን ጽሑፉን የሚያውቅ ሰው ነው።

የስሞች መመሳሰልም ያሳስታል። «ኖርማላይዝ» የተባለው የዶም መሣሪያ ሀን፣ ሐንና ኀን አንድ የሚያደርግ የሚመስላቸው አሉ። ሥራው ግን ጎን ለጎን ያሉ የጽሑፍ አንጓዎችን ማዋሐድና ባዶዎቹን ማስወገድ ብቻ ነው። እንዲሁም ዶም ርዝመትን የሚለካው በ16 ቢት አሐድ እንጂ በፊደል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 የገቡት መደበኛ ፊደሎቻችን እያንዳንዳቸው አንድ አሐድ ስለሚይዙ ችግር የለም። በ2021 ለጉራግኛ አጻጻፍ የተጨመሩት ፊደላት ግን እያንዳንዳቸው ሁለት አሐድ ይይዛሉ። ይህን ያላወቀ ፕሮግራም አንዲትን የጉራግኛ ፊደል ከመሐሏ ሊቆርጣት ይችላል።

«ታዲያ ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለምን? ሠሪዎቹ እስኪያሻሽሉት ለምን አንጠብቅም?» የሚሉ ይኖራሉ። አነጋገሩ ጨርሶ መሠረት የለውም አንልም። የመጀመሪያው ኤክስኤምኤል የተመሠረተው ፊደላችን ባልገባበት ዩኒኮድ 2.0 ላይ ስለነበር የዛፉን ቅርንጫፍ «ምዕራፍ» ብሎ በግእዝ ፊደል መሰየም ደንብ መጣስ ነበር። ይህ በ1.0 ደንብ የተስተካከለው እ.ኤ.አ. በ2008 በአምስተኛው እትም ነው። አሥር ዓመት መሆኑ ነው። ነገር ግን ስለ ቀይ ቀለምና ስለ ሁለት ነጥብ ማንም ሊያስብልን አይችልም። መሣሪያው ዛፍን ያውቃል፤ ቃል ምን እንደሆነ አያውቅም። ሊያውቅም አልተሠራም።

በእኛ አስተያየት በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ያሉ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ለዚህ ሥራ ከማንም ይልቅ የተመቻቸ ቦታ ላይ ናቸው። የቅኔው፣ የድጓውና የቁም ጽሕፈቱ ሊቃውንት ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ተማሪዎቻችን የመመረቂያ ሥራቸውን ሲመርጡ ከሊቃውንቱ አጠገብ ተቀምጠው የአንድን ብራና አንድ ገጽ ብቻ በዛፍ መልክ ቢያዋቅሩ፣ ስለ ክፍት ቦታ የወሰኑትን በፋይሉ ራስጌ ላይ ቢመዘግቡ፣ ከእርማት በፊትና በኋላም የቅርንጫፎቹን ብዛት ቆጥረው ቢያመሳክሩ ትልቅ ሥራ ይሆናል። አንድ ገጽ በትክክል መሥራት የቻለ ሺሁን ገጽ መሥራት አያቅተውም። ሺህ ገጽ ከተበላሸ በኋላ ግን የትኛው በቀይ፣ የትኛው በጥቁር እንደነበር ለማወቅ ተመልሶ ብራናውን ከመግለጥ በቀር መንገድ የለም፤ ብራናው እስከዚያ ከቆየ።